ከግድግዳው ወዲያ ማን አለ? ስለ ሽጉጥ ጥይት ልክ ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬ 54 ሲሆን በርበሬና ቅመማ ቅመም በጅምላ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ወደ አኼራ ሄዷል። ሱቃችንና መኖሪያችን በአንድ ግቢ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከሁለት ሴት ልጆቼና ከ6 ዓመት የልጅ ልጄ ጋር እንኖራለን። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ በአንድ ወገን ከጎረቤት የሚለየን ቆርቆሮ ብቻ ነው። ባለቤቴ በስሙ ፈቃድ የወጣበት ማካሮቭ ሽጉጥ ትቷል። ዋርሳዬ ‹ይሄ ደካማ ነው፤ ሸጠን ቶካሬቭ እንግዛልሽ፤ እሱ ግድግዳ ይበሳል› ይለኛል። ወታደር የነበሩ አንድ ጎረቤታችን ‹45 ከሆነ አንድ ጥይት ይበቃል› ይላሉ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ‹ረጅሙ 9 ይሻላል› ይላል። እኔ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ቁርጥማት አለበት። ከሽጉጡ ጋር በጨርቅ የተቋጠሩ ጥይቶችም አሉ፤ ሁሉም 9 ናቸው ቢሉኝም ቁመታቸው አንድ አይደለም። ራሴንና ልጆቼን ለመጠበቅ የሚሆነኝ የትኛው የጥይት ልክ ነው?»

ምላሽ፦ በመጀመሪያ ባለቤትዎን አላህ ይዘንላቸው፤ ለእርስዎም ለልጆችዎም ሶብሩን ይስጣችሁ። ሦስቱም መካሪዎችዎ በቅን ልብ እንደተናገሩ አልጠራጠርም። ነገር ግን ሦስቱም ያሰቡት ጥይቱ በሌባው ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ብቻ ነው። ጥይቱ ሌባውን ቢስት ወይም በስቶት ቢያልፍ የት እንደሚያርፍ፣ ደግሞም ቁርጥማት ያለበት የእርስዎ እጅ የትኛውን ሽጉጥ በወጉ ሊያዝዝ እንደሚችል ያነሳ የለም። ለቤት መጠበቂያ የጥይት ልክ ሲመረጥ ግን ከሁሉ የሚቀድሙት ጥያቄዎች እነዚህ ሁለቱ ስለሆኑ፣ ምላሼም በአብዛኛው በእነሱ ላይ ያተኩራል።

ከዚያ በፊት የዋርሳዎን ሐሳብ በተመለከተ በግልጽ ልናገር። የባለቤትዎን ሽጉጥ ሸጦ በምትኩ ሌላ ከሰው እጅ መግዛት ወንጀል ነው፤ የሚገዛው ሰው የቱንም ያህል የሚታመን ቢሆን፣ ገንዘቡ ለማንም በጎ ዓላማ ቢውል ይህ አይለወጥም። በአገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ የሚቻለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሚያዝዘው መሠረት ሥልጣን ካለው አካል ፈቃድ በማግኘት ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ደግሞ ለባለቤትዎ እንጂ ለሽጉጡ ወይም ለቤቱ አይደለም፤ ስለዚህ እርሳቸው ካረፉ በኋላ ሽጉጡ ከእርስዎ ዘንድ በዝምታ መቀመጡ ራሱ ችግር ውስጥ ሊያስገባዎት ይችላል። ወደ ፖሊስ ሲሄዱ ሽጉጡን በቦርሳ ይዘው አይሂዱ። የባለቤትዎን የፈቃድ ወረቀትና የሞት ማስረጃቸውን ይዘው ይሂዱና ሁኔታውን ያስረዱ፤ ሽጉጡንና ጥይቶቹን እንዴትና የት ማስረከብ እንዳለብዎት፣ በስምዎ ፈቃድ መጠየቅ ይቻል እንደሆነም የሚነግርዎት እነሱ ናቸው። ከዚህ በታች ስለ ጥይት ልክ የምጽፈው ሁሉ ይህ ከተፈጸመና ፈቃዱ ከተሰጠዎት በኋላ ለሚመጣው ምርጫ ብቻ ነው።

አሁን በጨርቅ ወደተቋጠሩት ጥይቶች እንምጣ፤ የጥይት ልክ ማለት ምን እንደሆነ ከእነሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለምና። በልማድ «9» ተብለው የሚጠሩት የሽጉጥ ጥይቶች ከአንድ በላይ ዓይነት ናቸው። የማካሮቭ ጥይት ቀለሁ 18 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን፣ ከነዓረሩ ሲለካ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእህትዎ ልጅ «ረጅሙ 9» የሚለው ፓራቤለም የሚባለው ነው፤ ቀለሁ 19 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከነዓረሩ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሦስተኛው ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን የጣሊያን መኮንኖች ይታጠቁት የነበረው የ1934ቱ ቤሬታ የሚጎርሰው አጭሩ 9 ነው፤ ቀለሁ 17 ሚሊ ሜትር ይሁን እንጂ ከነዓረሩ ሲለካ እንደ ማካሮቩ 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ለለመደ ሰው እንኳ ያስቸግራል። እስታር በሚባሉት የእስፓኝ ሽጉጦች ዘንድ ቀለሁ 23 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌላ 9 አለ። የዓረሮቹም ውፍረት አንድ አይደለም፤ የማካሮቩ 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፓራቤለሙ 9.01 ሚሊ ሜትር ነው። የፓራቤለም ጥይት በውስጡ የሚፈጥረው ግፊት ከማካሮቭ ጥይት በእጅጉ የበለጠ ነው፤ ለአንደኛው የተሠራ ሽጉጥ የሌላውን ጥይት ቢጎርስ ጥይቱ ሊነክስ (ማለትም ተቀርቅሮ ሊቀር)፣ አልመው የተኮሱት ሊስት፣ ከከፋም ሽጉጡ በተኳሹ እጅ ላይ ሊጎዳ ይችላል። ቁመታቸው የተለያየ ጥይቶች በአንድ ጨርቅ መቋጠራቸው የሚነግረን፣ ባለቤትዎ ወይም ሌላ ሰው «9 ነው» የተባለውን ሁሉ ሳይለይ ሰብስቦ እንደነበር ነው። እርስዎ አይለዩዋቸው፤ ወደ ሽጉጡም አንድ እንኳ አያስገቡ። ከነቋጠሮው ለፖሊስ ይሰጡ።

ዋርሳዎ ማካሮቭን «ደካማ» ሲሉት ከፓራቤለምና ከቶካሬቭ ጋር ሲወዳደር እውነት አላቸው። የማካሮቭ ጥይት 6 ግራም የሚሆን ዓረር በሰከንድ 315 ሜትር ያህል እያስወነጨፈ 300 ጁል አካባቢ ጉልበት ይዞ ይወጣል። ፓራቤለም ከ7 ግራም ተኩል እስከ 9 ግራም ተኩል የሚመዝን ዓረር ይዞ ከ450 እስከ 500 ጁል ይደርሳል። ቶካሬቭ ቀጭን ነው፤ ዓረሩ 5 ግራም ተኩል ብቻ ቢመዝንም በሰከንድ ከ420 ሜትር በላይ ስለሚፈጥን 500 ጁል ገደማ ይሆናል። 45 (ስሙ የመጣው ከኢንች መቶኛ ነው፤ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ 38 እና 40ም እንዲሁ ናቸው) ደግሞ 15 ግራም የሚጠጋ ከባድ ዓረር በዝግታ፣ በሰከንድ 255 ሜትር ገደማ ይልካል፤ ጉልበቱም ከፓራቤለም ብዙም አይርቅም። ነገር ግን እነዚህን ቁጥሮች የሚያነብ ሰው የክላሽ ጥይት ወደ 2,000 ጁል እንደሚይዝ አብሮ ማወቅ አለበት። ከዚያ አንጻር ሲታይ በሽጉጦች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ሁሉም ከጠመንጃ በእጅጉ ያንሳሉ። የሽጉጥ ዓረር ሰውን የሚያቆመው የሚመታው ቦታ ልብን፣ ትልቁን የደም ሥር፣ አንጎልን ወይም አከርካሪን ሲነካ ነው። ሌላ ቦታ የተመታ ሰው ከቆሰለም በኋላ ሊሮጥ፣ ሊታገል፣ ሊተኩስም ይችላል፤ ጥይቱ 9 ሆነ 45 ሆነ ይህን አይለውጠውም።

ስለዚህ የጎረቤትዎን «አንድ ጥይት ይበቃል» የሚለውን አባባል በአክብሮት እቃወማለሁ። አባባሉ የራሱ ታሪክ አለው። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የአሜሪካ ጦር በፊሊፒንስ ከሞሮ ተዋጊዎች ጋር ሲዋጋ፣ የያዘው ባለ 38 ሽጉጥ የሚገሰግስን ሰው ማቆም አቃተው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1904 በሬሳና በከብቶች ላይ ፈተና ተደርጎ ትልቅ ዓረር ይሻላል ተብሎ ተወሰነ፤ በጆን ብራውኒንግ የተነደፈው 45ም እ.ኤ.አ. በ1911 የዚያ ጦር መታጠቂያ ሆነ። ዝናው ከዚያ ይጀምራል። ይሁን እንጂ ያው ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 ያንን ሽጉጥ አስቀምጦ በምትኩ ባለ 9 ቤሬታ ታጥቋል። ደግሞም ዓረሩን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል ያንኑ ያህል ሽጉጡን ወደ ኋላ ወደ ተኳሹ እጅ ይገፋዋል፤ አንድ ዓረር ሰውን ገፍትሮ የሚጥል ቢሆን ኖሮ ተኳሹንም በጣለው ነበር። የ45 ሽጉጥ በወፍራም መያዣውና በክብደቱ ምክንያት በጎረቤትዎ እጅ የሚመች ሊሆን ይችላል፤ በእርስዎ እጅ ግን ጣትዎ ምላጩ ጋ በወጉ ላይደርስ ይችላል።

የጥይት ልክ ክርክር በተጨባጭ የተፈተነበትን አንድ አጋጣሚ እዚህ ላይ ማንሳት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1986 በአሜሪካ ሚያሚ ከተማ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባልደረቦች ከሁለት የታጠቁ ዘራፊዎች ጋር ተታኩሰው ሁለት መርማሪዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱን በተኩሱ መጀመሪያ አካባቢ የመታው የ9 ዓረር ክንዱን አልፎ ደረቱ ውስጥ ቢገባም ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ሰውየውም ከዚያ በኋላ ብዙ ጉዳት አደረሰ። ቢሮው ከዚህ ተነስቶ ዓረሮችን ሥጋን በሚመስል ጄላቲን ውስጥ እየተኮሰ መፈተን ጀመረ፤ ተቀባይነት ያለው ጥልቀት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ነው ብሎም ወሰነ። መጀመሪያ ወደ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1990 ወደወጣው ባለ 40 ተሸጋገረ። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ግን ወደ 9 ፓራቤለም ተመለሰ። ምክንያቱም የተሻሻሉ የ9 ዓረሮች በጄላቲኑ ውስጥ ከትልልቆቹ የማያንስ ሥራ መሥራታቸውና፣ አብዛኛው ተኳሽ በ9 ፈጥኖና አልሞ መምታት መቻሉ ነው። የሠለጠኑና በየጊዜው የሚለማመዱ ሰዎች በ9 የተሻለ ከተኮሱ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ልምምድ የሚያደርግ ሰው ከዚያ የበለጠ የሚራገጥ ሽጉጥ የሚመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን የቶካሬቩ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። «ግድግዳ ይበሳል» የሚለው ንግግር ለማመስገኛ የተነገረ ነው፤ እኔ ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። የእርስዎ ቤት ግድግዳ ጭቃ ነው። በመካከሉ ያለው እንጨት፣ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃና የላይኛው ልስን ከሌባ ዓይን ይጋርዳል እንጂ ጥይት እንዲያቆም ተብሎ አልተሠራም፤ በተለይ ጭቃው በተሰነጠቀበትና ከእንጨቱ በተላቀቀበት ቦታ በጣም ሳስቷል። ወደ ጎረቤት ያለው ቆርቆሮ ደግሞ ለየትኛውም የሽጉጥ ጥይት ምንም ማለት አይደለም። ቀጭንና ፈጣን የሆነው የቶካሬቭ ዓረር፣ ከውስጡ የብረት እምብርት ያለው ወታደራዊ ጥይት ከሆነ ደግሞ ይበልጡን፣ ከሱቁ ተነስቶ ልጆችዎ የሚተኙበትን ክፍል አቋርጦ ወደ ጎረቤት ግቢ ሊዘልቅ ይችላል። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ቤቶቻችን በግድግዳ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው፤ ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ ብትሄዱ በአንዱ ቤት የሚያስነጥስ ሰው በሌላው ቤት «ይማርህ» ይባላል። በእንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ የጥይት የመብሳት ኃይል ጥቅም ሳይሆን ዕዳ ነው፤ ያ ዕዳም የሚወድቀው በተኳሹ ላይ ነው።

ቶካሬቭን የምቃወምበት ሁለተኛ ምክንያት ከጥይቱ ሳይሆን ከሽጉጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለሶቭየት ጦር የተሠራው ይህ ሽጉጥ በመጀመሪያ አሠራሩ በድንገት እንዳይተኩስ የሚቆልፍ የጎን ማንሻ የለውም፤ ያለው ነገር የኋላው መቺ በግማሽ ተስቦ እንዲቆም የሚያደርግ ጥርስ ብቻ ነው፤ እሱም ባረጀ ሽጉጥ ላይ የሚታመን አይደለም። የ6 ዓመት ልጅ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ ሽጉጥ ጥይት ጎርሶ መቀመጡን አስቡት። የሚቆልፍ ማንሻ የተጨመረላቸው በሌሎች አገሮች የተሠሩ ዓይነቶች ቢኖሩም፣ በእጅ የሚዞረው የትኛው እንደሆነ የሚያረጋግጥልዎ ሻጭ አይኖርም።

እዚህ ላይ ስለ ዓረሩ ዓይነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የዓረሩ አሠራር ከልኩ ባልተናነሰ ውጤቱን ይለውጣልና። ሙሉ በሙሉ በመዳብ ቅይጥ የተሸፈነ ዓረር ቅርጹን ሳይለውጥ ስለሚጓዝ፣ የ9 ፓራቤለም እንኳ በጄላቲን ውስጥ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ይህም ሰውን አልፎ ወጥቶ ከኋላ ያለውን ይመታል ማለት ነው። ጫፉ የተቦረቦረ ዓረር ግን አካል ውስጥ ሲገባ እንደ እንጉዳይ ስለሚከፈት ቶሎ ይቆማል። እ.ኤ.አ. የ1899ኙ የሄግ መግለጫ እንዲህ ያለውን ዓረር በጦርነት ላይ የከለከለ ሲሆን፣ በብዙ አገሮች ያሉ ፖሊሶች ግን በሰው በተሞላ ከተማ ውስጥ አላፊ አግዳሚውን እንዳይመታ ሲሉ ይመርጡታል። እርስዎ በሕጋዊ መንገድ የሚያገኙት ጥይት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ፈቃዱን የሚሰጠውን አካል ይጠይቁ፤ ሙሉ ሽፋን ያለው ብቻ ከሆነ ደግሞ ዓረሩ አልፎ እንደሚሄድ ቆጥረው ቤትዎን ያዘጋጁ። ለዚህ ዓይነት ጥይት የማካሮቭ መጠነኛ ኃይል ነቀፋ ሳይሆን አንድ መልካም ጎኑ ይሆናል። ሆኖም እሱም ቢሆን ቆርቆሮን እንደ ወረቀት ይበሳል።

ወደ እጅዎ እንመለስ። ለፖሊስ ምልምሎች ዒላማ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ብዙ ጊዜ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ጣቱ ደካማ የሆነ ሰው ከሽጉጡ ጋር የሚታገለው ሲተኩስ ሳይሆን ሲያቀባብል ነው። የላዩን ብረት በሁለት ጣቱ ጫፍ ቆንጥጦ ይስባል፤ ብረቱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል፤ ጥይቱም በአፉ መግቢያ ላይ ይነክሳል። ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚቀረው ነገር፣ የማካሮቭ ጥይት ደከም ያለ ቢሆንም ሽጉጡ ለማቀባበል ከብዙ ባለ ፓራቤለም ሽጉጦች የሚከብድ መሆኑ ነው። የማካሮቭ በርሜል ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ፣ የተኩሱን ግፊት የሚቋቋመው የላዩ ብረት ክብደትና በርሜሉን የከበበው ሞላ ብቻ ነው፤ ሞላው ጠንካራ የሆነውም ለዚህ ነው። አብዛኞቹ ባለ ፓራቤለም ሽጉጦች ግን በተኩስ ቅጽበት በርሜሉና የላዩ ብረት ተቆላልፈው አብረው ወደ ኋላ ስለሚሄዱ ሞላቸው ይበልጥ ሊላላ ይችላል፤ ርግጫቸውም ወደ እጅ የሚደርሰው ለስለስ ብሎ ነው። ስለዚህ «ትልቅ ጥይት ለጠንካራ እጅ፣ ትንሽ ጥይት ለደካማ እጅ» የሚለው ግምት ሁልጊዜ አይሠራም። ርግጫን የሚወስነው የጥይቱ ልክ ብቻ ሳይሆን የሽጉጡ ክብደትና አሠራርም ጭምር ነው፤ ትንሽና ቀላል ሽጉጥ በኪስ ለመያዝ ቢመችም በእጅ ላይ ክፉኛ ይራገጣል።

ማካሮቭን ወደ ስምዎ ለማዛወር ቢፈቀድልዎ ሌላ የሚታወቅ ነገር አለ። በግራ በኩል ያለው ማንሻ ወደ ላይ ሲገፋ ሽጉጡን ይቆልፋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ለተኩስ ዝግጁ ያደርገዋል። በቤሬታ 92፣ ማለትም የአሜሪካ ጦር በታጠቀው ባለ 9 ቤሬታ ላይ፣ ይህ በተቃራኒው ነው። ሁለቱን እያፈራረቀ የያዘ ሰው በድንጋጤ ሰዓት ሊሳሳት ስለሚችል፣ አንዱን መርጦ በእሱ ብቻ መለማመድ ይገባል። ጥይት ጎርሶ መቺው በወረደበት ሁኔታ የማካሮቭ የመጀመሪያው ምላጭ አሳሳብ ረጅምና ከባድ ነው፤ ይህ ለደኅንነት ጥሩ ቢሆንም ቁርጥማት ላለበት አመልካች ጣት ግን ፈተና ነው።

እንግዲህ የትኛው ይሻልዎታል? ፈቃዱ ከተሰጠዎት፣ የጥይቱን ልክ 9 ፓራቤለም አድርገው ባዶ ክብደቱ ከ800 ግራም የማያንስ፣ መያዣው ለእጅዎ የሚስማማ ሽጉጥ ይምረጡ ብዬ እመክራለሁ፤ የእህትዎ ልጅ ያሉት ትክክል ነበር። ሽጉጡን ከመምረጥዎ በፊት በአሠልጣኝ ፊት ባዶውን ያቀባብሉት። የላዩን ብረት በጣት ጫፍ ሳይሆን በመዳፍዎ ሙሉ ጨብጠው ይያዙና ሽጉጡን በሌላው እጅዎ ወደ ፊት ይግፉት። ይህን አሥር ጊዜ ያለ ድካም መፈጸም ካልቻሉ ያ ሽጉጥ የእርስዎ አይደለም። ከዚያ ከ7 ሜትር ላይ ሆነው ሰሃን በሚያህል ክብ ውስጥ አምስት ጥይት በተከታታይ ማሳረፍዎን ያረጋግጡ። ይህን ፈተና በፓራቤለም አልፈው በማካሮቭ ካላለፉ ፓራቤለም፣ በተቃራኒው ከሆነ ማካሮቭ ይሁን፤ በሁለቱ ጥይቶች መካከል ያለው የጁል ልዩነት እጅዎ ከሚናገረው አይበልጥም። በሁለቱም ካልተሳካ ደግሞ ሽጉጥ አለመያዝ የተሻለ ነው፤ በዚህ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለም።

ስድስት ጎራሽ የሚባለውንም ልጥቀስ፤ የማቀባበል ጣጣ የለበትምና አንዳንዶች ለአረጋውያን ይመክሩታል። የተለመደው ጥይቱ 38 ስፔሻል እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ያለ ሲሆን ለቤት ይበቃል። ችግሩ ምላጩ ነው፤ መቺውን ቀድሞ ሳይስቡ ሲተኮስ ምላጩ ወደ 5 ኪሎ ግራም የሚጠጋ መሳብ ስለሚጠይቅ ለእርስዎ ጣት አይሆንም። ከ9 አጭሩ በታች ያሉት፣ እንደ 7.65 እና 22 ያሉት ልኮች ደግሞ ለመተኮስ ቀላል ቢሆኑም የሚፈለገውን ጥልቀት ላይደርሱ ስለሚችሉ አልመክራቸውም።

ሽጉጡ የሚያገለግልበትን ሁኔታም ሕጉ ወስኖታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል ሲቀር፣ የመከላከያውም እርምጃ ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው፤ ከዚህ ልክ ያለፈ ሰው በአንቀጽ 79 ይጠየቃል። የበርበሬ ከረጢት ተሸክሞ የሚሸሽን ሌባ ከጀርባው መተኮስ በዚህ ውስጥ አይገባም። ገንዘብዎንም በተመለከተ፣ የቀኑን ሽያጭ ማታ በቤት አያሳድሩ፤ በተለይ ሲመሽ ይዘው በሐረጎ መንገድ ወደ ደሴ አይውጡ። በባንክና በቴሌብር በኩል ማስገባት ከየትኛውም የጥይት ልክ የተሻለ ጠባቂ ነው፤ ሌባም ገንዘብ እንደሌለ በሚያውቅበት ቤት አይደክምም።

የልጅ ልጅዎ ያለበት ቤት ስለሆነ ሽጉጡ በተቆለፈ ብረት ሣጥን ውስጥ፣ ጥይት የሚሞላበት ካዝናውና ጥይቱ ደግሞ ተለይተው ሌላ ቦታ ተቆልፈው ይቀመጡ። ፍራሽ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ወይም ልብስ መካከል አይደብቁት፤ ልጅ የማይደርስበት የሚባል ቦታ የለምና። አፈሙዙን ወደ ሰው አለማዞር፣ ለመተኮስ ሳይወስኑ ጣትን ምላጩ ላይ አለማድረግ፣ ሽጉጥን ሁልጊዜ ጥይት እንደጎረሰ መቁጠር የሚባሉትን ሕጎች ትልልቆቹ ልጆችዎም ይማሩ፤ ሽጉጡን እንዲይዙ ሳይሆን፣ ድንገት ቢያዩት ምን ማድረግ እንደማይገባቸው እንዲያውቁ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተተኮሰ ሽጉጥ ድምፅ 160 ዴሲቤል ስለሚደርስ አብሮዎት ያለን ሰው ጆሮም እስከ መጨረሻው ሊጎዳ እንደሚችል ይንገሯቸው።

በመጨረሻ አንድ ሥራ አለ፤ ፈቃዱ ቢሰጥም ባይሰጥም የሚያስፈልግ ነው። በቀን ብርሃን ከሱቁ በር ጀምረው ቤቱን በእግርዎ ይዙሩ። ሌባ ሊገባበት የሚችለውን በር ይለዩና ከበሩ ትይዩ ቆመው፣ ከፊት ለፊትዎ ካለው ግድግዳ ወዲያ ማን እንደሚተኛ ያስቡ። የቆርቆሮው ወገን ከሆነ ወደዚያ መቼም ላለመተኮስ ከአሁኑ ይወስኑ፤ ጎረቤቶችዎም ይህን ይወቁ። በአንዱ ጥግ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ካለ የልጁን አልጋ ወደዚያ ያዙሩት። ከሱቁ ወደ መኖሪያው ያለውን መተላለፊያ በጠንካራ በር ይዝጉት፤ በሌሊት ድምፅ ቢሰሙ ወደ ሱቁ አይሂዱ። ልጆቹን የልጁ አልጋ ባለበት ክፍል ሰብስበው በሩን ቆልፈው ወደ ፖሊስ ይደውሉ፤ ጎረቤትም በጩኸት ይጥሩ።